የባለቤቴ ትንሿ ቁስል

ነገሩ የጀመረው በካልሲ ነው።

ባለቤቴ ሥልሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ካልሲውን ራሱ ነበር የሚያጠልቀው። አንድ ቀን ጠዋት ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን እንደተቀየመው ዘመድ ትክ ብሎ ሲያየው አገኘሁት። ካልሲው እጁ ላይ ነው፤ እግሩ እዚያ ማዶ ነው፤ ሁለቱ ሊገናኙ አልቻሉም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምንም። እያሰብኩ ነው።»

«ስለ ካልሲው?»

«ስለ ብዙ ነገር።»

ተንበርክኬ አጠለቅኩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግራ እግር ካልሲ የእኔ የሥራ ድርሻ ሆነ። እሱም አላመሰገነኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ባለቤቴ የጌዴኦ ሰው ነው። ጨለለቅቱ አጠገብ ተወልዶ ዕድሜውን በቡና ሥራ ያሳለፈ፣ በእግረኛነቱ የሚኮራ ሰው። እኔ ደግሞ ወላጆቼ ከሰሜን ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዲላ ተወልጄ ዲላ ያረጀሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ በደህናው ጊዜ ከአንዱ የቡና ማጠቢያ ወደ ሌላው ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲዞር ይውል ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቡና በሚለቀምበት ወራት የሬኮ ማጠቢያ ሰዎች ይጠሩታል፤ ሄዶ የተሰጣውን ቡና እያየ «ይሄን አገላብጡ፣ ያንን ሸፍኑ» ሲል ይከርማል። ሞተር ሳይክል የሚሳፈረውን ሰው ሁሉ ይንቅ ነበር። «ሞተር የሰነፍ እግር ነው» ይላል።

ታዲያ እግሩ ማንከስ ሲጀምር ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ምክንያት ነበረው። ሰኞ ጫማው ጠቦት ነው። ማክሰኞ ብርድ መትቶት ነው። ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ኋላ ደግሞ ያንን የናቀውን ሞተር መሳፈር ጀመረ። በእሱም ላይ እንደ ወንድ አንፈራጦ መቀመጥ አቃተው። ሁለት እግሩን በአንድ ወገን አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ሾፌሩን አቅፎ መሄድ ያዘ። ጎረቤታችን አንድ ቀን በሳቅ እየፈረሰች መጣች።

«ባልሽ በሞተር ሲያልፍ አየሁት» አለችኝ። «ሙሽራ የምትወሰድ መስሎኝ እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።»

መጀመሪያ ያዘዘችለት ታላቅ እኅቱ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጨለለቅቱ ዳር እንሰቷንና ቡናዋን እየተንከባከበች ብቻዋን ትኖራለች። ባለቤቴን በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ዛሬም ስታዝዘው እምቢ አይልም። እሱም እኔም እታቴ ነው የምንላት። እዚሁ ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ፣ ጎበዝ ወጌሻ አለ አለችና ይዛው ሄደች። ሲመለስ ቂቤ ቂቤ ይሸታል፤ ማንከሱ ብሶበታል።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ወጌሻው ራሱ ያነክሳል።»

«ታዲያ አልጠየቅከውም?»

«ጠየቅኩት። ራሴን ማሸት አልችልም አለኝ።»

በስንት ልመና ዲላ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየን። የዳሌው መገጣጠሚያ ልባስ አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ ነው። መድኃኒት ሕመሙን ያስታግስለት እንደሆነ እንጂ አያድነውም፤ መገጣጠሚያው መቀየር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርባችኋል አለን።

ባለቤቴ ሁለት ሳምንት «መቀየር» የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ እንዳናነሣ ከለከለ። ሐሳቡን ያስቀየረችው አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ናት። ስልክ ደውላ፣ «አባዬ፣ አሁን እኮ እንደ ድሮው አይደለም። በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠሩት። ብዙ አይቆርጡም» አለችው።

ምነው ባላለችው!

ከዚያ ስልክ በኋላ ዲላ ውስጥ ስለ ባለቤቴ ቀዳዳ ያልሰማ ሰው የለም። ፀጉር ቤት ተቀምጦ አወራ። ባጃጅ ውስጥ ለሾፌሩ አወራ። እያወራ በጣቱ ያሳያል። መጀመሪያ ሙሉ የመሐል ጣቱን ነበር የሚያሳየው፤ ሳምንቱ ሲጋመስ ግማሹን፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የትንሿን ጣቱን ጥፍር ብቻ።

«በዚያች ቀዳዳ ብረቱን እንዴት ያስገቡታል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሳይንስ ነው» አለኝ።

አዲስ አበባ ያገኘነው ቀዶ ሐኪም ወጣት ነው፤ ከልጃችን ብዙም አይበልጥም። ስንገባ ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለ። ባለቤቴ ከኋላው ማን ሽማግሌ እንደገባ ለማየት ዞረ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«በትንሽ ቀዳዳ ነው አይደል?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወረቀት ሳበና ሥዕል ጀመረ። «የጭን አጥንት ጫፉ ክብ ነው። ዳሌው ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይሽከረከራል። የእርስዎ ሁለቱም ልባሳቸው አልቋል። ክቡን ቆርጠን አውጥተን በሰው ሠራሽ እንተካዋለን፤ ጎድጓዳውንም እንደገና እንለብጠዋለን። ይሄ ሥራ ቁስሉ ትልቅ ሆነ ትንሽ ያው ነው። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ቀድሞ በሩን ሰፋ አድርገን እንከፍት ነበር። አሁን ለሚመቸው ሰው በሩን ጠበብ አድርገን፣ ጡንቻውንም በተቻለ መጠን ሳንቆርጥ ገለጥ ገለጥ እያደረግን እንገባለን። ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ግን አይቀንስም።»

«ስለዚህ ቀላል ነው» አለ ባለቤቴ።

«ቀላል አላልኩም አባባ። በሩ ጠባብ ነው አልኩ።»

«ለሁሉም ሰው ይሆናል?» ብዬ እኔ ጠየቅኩ።

«አይሆንም። አጥንቱ ብዙ ለተበላሸ ሰው ሰፋ አድርጎ በደንብ እያዩ መሥራት ይሻላል። እሳቸውም ላይ ገብተን ካልተመቸን እናሰፋዋለን።»

እንደወጣን ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ሰማሽው አይደል? ቀላል ነው አለ።»

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ነርሷ መጥታ ግራ ጭኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀስት ሣለችበት። ባለቤቴ ቀስቱን አየው፤ ቀኝ እግሩን አየው፤ እንደገና ቀስቱን አየው። ነርሷ ልትወጣ ስትል ጠራትና፣ «ግራ ማለት በእኔ ግራ ነው በእናንተ?» አላት። በእርስዎ ግራ ነው ብላ አረጋገጠችለት። እሱ ግን በሩ ላይ ላለፈው ሁሉ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር፣ ግራው መሆኑን ሲነግር ቆየ።

ብቻችንን ስንቀር ቀስቱን በብርድ ልብሱ ሸፈነው። ከዚያ በጌዴኡፋ «ፈርቻለሁ» አለኝ።

እኛ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተጨቃጨቅነውም የታረቅነውም በአማርኛ ነው። በእናቱ ቋንቋ ያናገረኝ ልጆቻችን የተወለዱ ጊዜና እናቱ የሞተች ቀን ብቻ ነበር። ያን ጠዋት አላሾፍኩበትም። ይዤ የመጣሁትን ጠበል ከቦርሳዬ አወጣሁና ባለቤቴን አየሁት። እሱ ፕሮቴስታንት ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በቤታችን ይሄ ነገር በጥንቃቄ ነው የሚያዘው።

«ፓስተሩ ትናንት በስልክ ጸልዮልኛል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይሁን፣ አንቺም ጨምሪበት» አለና ግንባሩን ሰጠኝ።

በሰላም ወጣ። ከወገቡ በታች ነበር ያደነዘዙት። በመዶሻ ሲመቱ ሰምቻለሁ፣ እንደ አናጢ ቤት ነው አለኝ። ዶክተሩ መጥቶ በሩን ማስፋት እንዳላስፈለገ ሲነግረን ባለቤቴ ዲላ ሙሉ የሰማው ይመስል በኩራት አየኝ። በማግስቱ ግን የትከሻው ቁመት የማትሆን ፊዚዮቴራፒስት አራት እግር ያለው መደገፊያ እየገፋች መጣች።

«ጋሼ፣ እንነሣ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ትናንት እኮ ነው የተሠራሁት!»

«ቁስልዎ ትንሽ ናት ብለዋል አሉ» አለች። የትንሿ ቁስል ዝና ከእኛ ቀድሞ እሷ ዘንድ ደርሷል። ስምንት እርምጃ ሄደ፤ በየእርምጃው እኔን በዓይኑ እየወቀሰ።

ልጃችን ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጠን ወደ ዲላ ስንመለስ የሕግ ዝርዝር ይዘን ነው። ለተወሰነ ጊዜ አይጎነበስም፤ እግር አይነባበርም፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥም። በርጩማዎቼን ሁሉ ለጎረቤት አዋስኩ። የማይዋሰው ሽንት ቤታችን ነበር። ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ እሱ ደግሞ ቁጢጥ ማለት የለበትም። ስለዚህ አናጢ ጠራሁና መሐሉ ክፍት የሆነ ከፍ ያለ ወንበር አዘዝኩ። አናጢው የሙያውን ፍቅር ሁሉ አፈሰሰበት። መደገፊያ አደረገለት፤ መደገፊያው ላይ አበባ ቀረጸበት፤ ለቀዳዳው ልክክ የሚል ክዳን ሠራለት፤ ከዚያ ቫርኒሽ ቀባው። በቤታችን ውስጥ ካለው ወንበር ሁሉ አምሮ ቁጭ አለ። የቫርኒሹ ሽታ እስኪለቅ ሳሎን ጥግ አቆምኩት።

በዚያው ቀን አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሊጠይቁ መጡ። ሻይ ላፈላ ጓዳ ስገባ፣ ምርጡ ወንበር ለእሳቸው የተዘጋጀ መስሏቸው ሄደው ተሰየሙበት። ተመልሼ ሳይ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እየጸለዩ ነው። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ባለቤቴ ሳሎን በዘረጋንለት አልጋ ላይ ተጋድሞ የጋቢውን ጫፍ ነክሷል። «አሜን!» ሲል ድምፁ እንደ ፉጨት ወጣ። ሽማግሌው መንፈስ የነካው መስሏቸው ደገሙለት። ሲሄዱም ወንበሩን ዳሰስ አድርገው፣ «የማን ሥራ ነው? እኔም እንደዚህ ያለ አሠራለሁ» አሉ። የአናጢውን ስልክ ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ።

የሽማግሌው አመጣጥ ያስቃል እንጂ የሌላው ጠያቂ ነገር ባለቤቴን ማሳዘን ጀመረ። ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር ሊያይ ይመጣል፤ ፋሻውን ያያል፤ «ውይ፣ ይቺ ናት እንዴ?» ይላል፤ ከዚያ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። የቆሰለው ሰው አልታዘነለትም። ትንሿን ቁስል ለከተማው ያስተዋወቀው እሱ ራሱ ነውና ማንን ይውቀስ? በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ሆነ። ቀጥሎ ስንዝር ከጋት። አንድ ቀን ለባጃጅ ሾፌር በስልክ «እስከ ጉልበቴ» ሲል ሰምቼው ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ ማስመሪያ አነሣሁና ገባሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልለካው።»

«ቁስል በማስመሪያ አይለካም» አለና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበው።

እታቴ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ቆጮና ማር ይዛ፣ ከጨለለቅቱ በሚኒባስ። ባለቤቴ አሳዳጊው ስትገባ ፊቱን አጨማደደ፤ የሚገባውን ኀዘኔታ በመጨረሻ ሊያገኝ ነው። እሷ ግን ሳትቀመጥ በቀጥታ፣ «እስቲ አሳየኝ» አለች። ገለጠላት። ጎንበስ ብላ ረጅም ሰዓት አየችው።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ትንሽ ብትመስልም ውስጥ ውስጡን...» ብሎ ጀመረ።

«የቁስሉን አይደለም የጠየቅኩ» አለችው። «የድሮው ሕመምስ? ስትገለበጥ የሚወጋህ? ዝናብ ሲመጣ የሚቆረጥምህ?»

ባለቤቴ ቁስሉን ሲያስረዝም ስለ ሰነበተ ያንን ረስቶታል። በአልጋው ላይ እግሩን በቀስታ ወዲህና ወዲያ አደረገ። «እሱ የለም» አለ፤ ራሱም እየገረመው። «እታቴ፣ እሱስ የለም።»

አንገቷን ነቀነቀች። የማሯን ዕቃ ወስደን ጓዳ ገባን። ቆጮው መሬት ላይ ነበር። ልታነሣው ስትል አየኋት። አልጎነበሰችም፤ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ገፍታ፣ በሌላው ብቻ ዝቅ አለች። ባለቤቴ መሬት የወደቀ ነገር የሚያነሣው ልክ እንደዚያ ነበር። ከገባች ጀምሮ እንዳልተቀመጠች ያኔ ትዝ አለኝ።

«እታቴ፣ አንቺንም ያምሻል?»

«ኧረ ትንሽ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባሌ በሕይወት እያለ ነው የጀመረኝ።» ወጌሻውንም ያወቀችው ለራሷ ስትመላለስ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን! እንዴት ሳላውቅ?»

ሳቀች። «የእሱን የምታውቂው ካልሲ ስለምታጠልቂለት ነው። እኔ ካልሲ አላደርግም፤ በምን ታውቂ?»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አለቀሰ?» አለችኝ።

«በጣም ያማርራል። ግን አላለቀሰም።»

«ያማረረው ይቅር። ከልጅነቱ አውቀዋለሁ።»

የእኅቱን ሕመም ለባለቤቴ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሱ ዳሌ ማውራት አቆመ። እኅቱ ጓሮ ስታልፍ በመስኮት አካሄዷን ተመለከተ። እሱ ጨለለቅቱ ውስጥ በሞተር እንደ ሙሽራ ሲመላለስ እሷ ከኋላው በእግሯ ትመጣ እንደነበር አስታወሰና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በነጋታው ለዶክተሩ ራሱ ደወለ። እሷ ግን ቡናዬ ሳይለቀም አልንቀሳቀስም አለች፤ አልተንቀሳቀሰችምም። ለቀማው ካበቃ በኋላ፣ ባለቤቴ በአንድ ምርኩዝ መሄድ በጀመረ ጊዜ፣ ሦስታችንም አዲስ አበባ ወጣን።

ዶክተሩ የእሷን ራጅ ሲያይ ቅንድቡን አነሣ። «እማማ፣ በዚህ ነው ሲሄዱ የኖሩት?» አለ። ከዚያ በእርጋታ አስረዳት። ብዙ ስለ ተጎዳ በጠባቡ በር አይሆንም፤ ሰፋ አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል።

ባለቤቴ ደነገጠ። እሷ ግን፣ «ክፈተው ልጄ» አለች። «በጠባብ በር ገብተህ አንድ ዕቃ ረስተህ ከምትወጣ ይሻላል።» ዶክተሩ ወረቀቱን ጥሎ ሳቀ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለቤቴ አስተማሪዋ ሆነ። መደገፊያው እንዴት እንደሚያዝ፣ የቱ እግር እንደሚቀድም፣ ስንት ጊዜ መተንፈስ እንዳለባት ያዝዛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ሲሰለቻት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ» አለችው። ባዶ ኮሪደር ላይ ቆሞ ከበሩ ውጪ «ግራ! ቀኝ!» ሲል ይሰማኛል። እታቴ በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት እርምጃ ሄደች። ስለ ስምንቱ ማንም አላነሣበትም፤ እኔ ብቻ በጣቴ አሳየሁት።

ያ ባለ አበባ ወንበር በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ ጨለለቅቱ ወረደ። የእሷ ጠባሳ የእሱን ሁለት እጥፍ ሆኗል። አንድ ቀን እሱ ስለ ቁስሉ ለጠያቂዎቿ ማውራት ሲጀምር ቀሚሷን ዳሌዋ ላይ በእጇ መታ መታ አድርጋ ብቻ አየችው። እሱም ወሬውን ወደ እንሰት ቀየረ።

በሚቀጥለው የለቀማ ወራት፣ ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ቀን፣ ከባለቤቴ ጋር ጨለለቅቱ ሄድኩ። እታቴ ቡናዋን ልታሳየን ቁልቁል ወደ ማሳዋ ይዛን ወረደች። ዝናብ ስለ ዘነበ መንገዱ ያንሸራትታል። ሁለቱ ከፊት ናቸው፤ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው፣ ማን እንደሚቀድም በጌዴኡፋ እየተከራከሩ። እሱ ምርኩዙን ሊሰጣት ይሞክራል፤ እሷ ምርኩዙን ትመልስለታለች። እኔ የሁለቱንም ቦርሳና የምሳውን ዕቃ ተሸክሜ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ከኋላ ቀረሁ።

ታች ደርሰው ዞረው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣» አለች እታቴ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!»